ከነሳሩ የመጣ ጭቃ

አዲስ ጎማ የራሱ ሽታ አለው። ብዙ ሰው አይወደውም፣ ራስ ያዞራል ይላል። እኔ ግን ያን ሽታ እየማግኩ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ዛሬም ሰበታ አስፋልት ላይ ጎማ የጫነ መኪና ባጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብዬ እስበዋለሁ። ባለቤቴ «ሰው ሽቶ ያሸታል፣ አንተ ጎማ!» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ባለፈው ክረምት ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ ያስደነገጠኝ የጎማ ሽታ አልነበረም፤ የእርጥብ ሳርና የጥቁር አፈር ሽታ ነው። አንዲት ልጅ፣ ቦቲ ጫማዋ ጭቃ የለበሰ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ይዛ በራፌ ላይ ቆማለች። «አባባ፣ ይልማ ጎሚስታው አንቱ ነዎት?» አለችኝ። «ነበርኩ» አልኳት፤ ጎማ መጠገን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ላስቲኩን ገለጥ ስታደርገው ከነሳሩ፣ ከነሥሩ በአካፋ ተቆርጦ የወጣ የጨፌ አፈር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አንዴ ብቻ ነው የመጣልኝ። ለምን እንደደነገጥኩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ያኔ ሰበታ አሁን የምታዩዋት ሰበታ አልነበረችም። የጅማን መንገድ ተከትለው የተደረደሩ ጥቂት ሱቆች፣ ከኋላቸው የባህር ዛፍ አጥር፣ ከዚያ ወዲያ እርሻ ነው። ነፋሱ ሲዞር ከአልኮል ፋብሪካው በኩል የእርሾ ሽታ ይመጣል፣ ሲመለስ ደግሞ የጤፍ ማሳ ይሸታል። የኔ ቤት ከሻይ ቤቱ ጎን፣ መታጠፊያው ላይ ነበረች። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ በአስር ሳንቲም። ደህና የሚባል ጎማ ሦስት መቶ ብር ሲገባ «ምን ጉድ መጣ!» ብለን ሳምንቱን ሙሉ ያወራን ሰዎች ነን፤ ዛሬ በዚያ ብር ነፋስ አስሞልቶ ለመሄድም መለመን ያስፈልጋል። ሾፌር ያኔ ሰው ነበር። ቴትሮን ሱሪውን ተኩሶ፣ እግሩ ሰፋ ያለውን ቦላሌ፣ ሸሚዙን እስከ ክንዱ ጠቅልሎ፣ ማበጠሪያ ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ ነው ከመኪና የሚወርደው። እኔ በሰማያዊ ቱታዬ ከመሬት ሆኜ ሳየው እቀና ነበር። ሬዲዮኔ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣ ባትሪ ድንጋይ ትበላለች፤ ቀዝቀዝ ያለ የፍቅር ዘፈን የጀመረች እንደሆነ እነዚያ ሁሉ ተሳዳቢ ሾፌሮች ጭጭ ይላሉ። አይ ጊዜ!

ጎማ መምረጥም እንዲህ እንደዛሬው ስልክ ላይ ፎቶ እያገላበጡ አልነበረም። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ደንቤን ያውቃል፤ የምትሄድበትን መንገድ ጭቃ ይዘህ ና። በጣሳ ይሁን፣ በላስቲክ ይሁን፣ ከፈለግህ በኮፍያህ፣ ብቻ ይዘህ ና። ተቀብዬ በመዳፌ እጨምቀዋለሁ፣ በሁለት ጣቴ መሃል አሸት አሸት አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ግድግዳዬ ላይ ጥፍ! የተጂ ኮቲቻ፣ ያ ጥቁር አፈር፣ አንዴ ከተለጠፈ በቢላዋም አይነሳም። ለሱ ጥርሱ ረጅም፣ በጥርስና በጥርስ መሃል ሰፊ ክፍተት ያለው ጎማ ነው መድኃኒቱ፤ ሲሽከረከር ጭቃውን እየተፋ እንዲሄድ። የቡራዩ ዳገት ቀይ አፈር ደግሞ አይጣበቅም፣ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው፤ ለሱ ጥርሱ አጫጭርና ብዙ የሆነ፣ መሬቱን በብዙ ቦታ የሚነክስ ያስፈልጋል። ግድግዳዬ በየሰፈሩ ጭቃ ተዥጎርጉሮ ሰው «ይልማ ቤቱን የሚያስለስነው በደንበኛ ነው» ይለኝ ነበር። ይበሉ! ከገላን እስከ ሰንዳፋ «ሰበታ ያለው ሰውዬ ይንገርህ» የሚባልልኝ እኔ ነበርኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው፣ ምን ልደብቃችሁ።

ቶሎሳ የሱሉልታ ልጅ ነው። ከጨፌው ማዶ ካሉት መንደሮች ወተትና ድርቆሽ እያወጣ አስፋልት ድረስ የሚያደርስባት አሮጊት ፒክአፕ ነበረችው። ዝምተኛ፣ ትከሻ ሰፊ፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው ሰው። እሱ እኔ ዘንድ ሲመጣ ቅቤ ሳይዝ አይመጣም፤ እኔ ቤታቸው ስሄድ ደግሞ እናቱ በጮጮ እርጎ ሳያጠጡ አይለቁኝም። «አንተ የሰበታ ሰው፣ ዘይት ብቻ ነው እንዴ የምትበላ? እንዲህ የጠቆርክ!» እያሉ በኦሮምኛ ይቀልዱብኛል፣ እኔም በኦሮምኛ እመልሳለሁ። ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ደቻሳ እርሻ ላይ ናቸው፤ በሁለቱ መሃል አስካለ የምትባል እህት አለች። እናታቸው ለሦስቱም የዓይናቸው ብሌን ነበሩ፤ ከመኪናዋ ጋቢና የቶሎሳ እናት ወደ ገበያ ሲወርዱ ያየ ሰው ንግሥት መጣች ይላል።

አንድ ክረምት የቶሎሳ ጎማ ሁሉ አልቆ ላስቲክ መሰለ። እንደ ደንቡ ጭቃውን ይዞ መጣ፤ ግን ጭቃ አልነበረም፣ ቁራሽ ሜዳ ነው ከነሳሩ።

«ይሄ ምንድነው? ጭቃ አምጣ አልኩህ እንጂ የላም መኖ አምጣ አልኩህ?»

እንደ ልማዱ ያለ ድምፅ ሳቀ። «የኛ መንገድ ይሄው ነው። መርጋ ኢሳስ ኢላሊ፣ ይልማ። ሳሩንም እየው።»

እኔ ምን አደረግኩ? ሳሩን በእጄ ጨምድጄ ነቀልኩና ወደ ውጭ ወረወርኩት። የቀረውን አፈር ጨመቅኩ፣ አሸሁ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ጥቁር ነው፣ ይጣበቃል፤ ያው የተጂ ኮቲቻ ነው። «ጥርሳም ጎማ ነው የሚያስፈልግህ» አልኩት። ቶሎሳ ቆም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «አሮጌዎቹ ሰፋፊ ነበሩ፤ ነፋሳቸውን ቀንሼ ላይ ላዩን አልፍ ነበር። እንደነሱ ያለውን ብትፈልግልኝ?» አለኝ፣ ለስለስ ብሎ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሾፌሮች ይሰሙናል። «ጎሚስታው እኔ ነኝ አንተ?» አልኩት። እነሱ ሳቁ። እሱ እኔን በሰው ፊት ማሳፈር አልፈለገም፣ ዝም አለ። መርካቶ ወርጄ ጥርሱ የጣት ርዝመት ያለው አራት ጎማ መርጬ አመጣሁለት፤ ነፋሱን ጥጥር አድርጌ ሞላሁ። አሮጌዎቹን እንኳ ለክፉ ቀን ብሎ ሊጭናቸው ሲል «ተዋቸው ባክህ፣ ምን ያደርጉልሃል!» ብዬ አስቀረሁበት። ይህችኛዋ ናት እስከ ዛሬ እንቅልፍ የምትነሳኝ።

ለማያውቅ ልንገር፤ ጨፌ ውሃ ያዘለ የሳር ሜዳ ነው። ከላይ የሳሩ ሥር እርስ በርሱ ተሳስሮ እንደ ምንጣፍ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ግን መጨረሻ የለውም። በሰፊና ለስላሳ ጎማ፣ ነፋሱን ቀንሰህ ከሄድክበት ይሸከምሃል። ጥርሳም ጎማ ግን ምንጣፉን ይቀደዋል፤ አንዴ ከቀደደው በኋላ በተሽከረከረ ቁጥር ራሱን ነው የሚቀብረው። ይህን ሁሉ ያ ነቅዬ የጣልኩት ሳር ሊነግረኝ ነበር የመጣው።

ጎማው በተገጠመ በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ ላይ፣ ጠዋት፣ የቶሎሳ እናት ሆዳቸውን ያዛቸው። ተራ ቁርጠት አልነበረም፤ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር። ልጆቻቸው ጋቢና ውስጥ በትራስ ደግፈው አስቀመጧቸውና ቶሎሳ ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተነሳ። ጨፌው መሃል ሲደርስ መኪናዋ አራት እግሯ ተቀብሮ በሆዷ ተኛች። ሳር ቢያነጥፉ፣ ቢገፉ፣ ወይ ፍንክች። በባህር ዛፍ እንጨት ቃሬዛ ሠርተው፣ በዚያ ዝናብ፣ እስከ ጉልበታቸው እየሰመጡ አስፋልት ድረስ ተሸከሟቸው። ቀኑ ገሚሱ እዚያ ሜዳ ላይ አለቀ። እንጦጦን ሳይወርዱ፣ በሰው መኪና ውስጥ፣ እናትየው አለፉ።

ለቅሶ ሄድኩ፣ እንዴት አልሄድም? ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ኦቦ ደቻሳ በርኖሳቸውን እንደደረቡ ተነስተው በሰው ሁሉ ፊት ቶሎሳ ላይ አፈጠጡበት። «አባታችን የነዳበት፣ አንተም ስትነዳበት የኖርከው ጎማ አሳፈረህ። ሰው እንዲያይልህ ጥርሳም ጎማ ገጠምክ። እናቴን የበላት ያንተ ታይታ ነው» አሉት። አስካለ ደረቷን እየመታች «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለች። ቶሎሳ ቀና ብሎ አንዴ አየኝ። አንዴ ብቻ። ተነስቼ «እኔ ነኝ፣ እሱ እምቢ ብሎኝ ነበር» ማለት ነበረብኝ። አፌን ለጎምኩ። ኮፍያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠርዙን አዞር ነበር። ቶሎሳም አንገቱን ደፋ፣ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ታላላቆቹ ቤቱ እህል አልቀመሱም፣ ሠርጉ ላይ አልቆሙም፣ ልጁ ክርስትና ስትነሳም አልመጡም። እኔም ሱሉልታ መሄድ ተውኩ። የሚገርመው ግን የኔ ስም ይበልጥ የገነነው ከዚያ በኋላ ነው። ሳር ያለበትን ጭቃ ሳሩን ሳልነካ አገላብጬ የማይ እኔ ብቻ ሆንኩና «ይልማ ይራቀቃል» ተባለ። ከማን ሞት እንደተማርኩት የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት በራፌ ላይ የቆመችው ልጅ የቶሎሳ ልጅ ናት። ሌንሳ ትባላለች። የእንስሳት ሐኪም ሆና ጨፌ ለጨፌ የታመመ ከብት ታያለች፤ የመሥሪያ ቤቷ ፒክአፕ ጎማ አልቋል፣ ራስሽ ምረጪ ተብላለች። «አባዬ ሳሩን ሳትነቅዪ ውሰጂለት አለኝ» አለች። «ሰበታ ድረስ ለምን ላከሽ? ሱሉልታ ጎሚስታ ጠፍቶ ነው?» ብላት፣ «እኔም ጠይቄዋለሁ። ‘ሌሎቹ ገና አልተሳሳቱም’ አለኝ። ምን ማለቱ ነው አባባ?» ብላ በየዋህ ዓይኗ አየችኝ። አንጀቴን በላችው። ያን ሁሉ ዘመን ልጁን ሲያሳድግ ስሜን በክፉ አላነሳባትም ማለት ነው። «መንገድ ላይ እነግርሻለሁ፤ ቆይ ኮቴን ልልበስ» አልኳት።

ቡራዩ ላይ የማውቀው ጎማ መሸጫ ነበር፣ እዚያ ወሰድኳት። ያ ድንጋይ ፈላጭ የሚጮህበት ዳገት አሁን ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ያኔ የሸንኮራ ሻጮች የሚቀመጡበት ጥግ ባንክ ቆሞበታል። ሻጩ ጎልማሳ ጥርሳሙን ጎማ እያንከባለለ መጣ። «ፋዘር፣ ለጭቃ ከሆነ ይሄ ነው አሪፉ። ሰው ሁሉ እየተሻማበት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያምራል፤ በጉልበቴ ዘመን ባየው እኔም እስመው ነበር። «ለተጂ ስመጣ እወስደዋለሁ» አልኩት። ከኋላ አቧራ የጠጣውን፣ ሰፊውን፣ ጥርሱ ዝቅ ያለውን፣ ጎኑ በአውራ ጣት ስትጫነው እሺ የሚለውን አስወጣሁ። «ይሄ እኮ የሴት ጎማ ይሉታል» ብሎ ሳቀ ሻጩ። ሌንሳ «ጥሩ፣ እኔም ሴት ነኝ» አለችው። አራቱን አስገጠምን። ነገሩን ሁሉ የነገርኳት ከዚያ ወዲህ ነው፣ እሷ ወደ ሱሉልታ እየነዳች፣ እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ። ጨፌው ዳር ስንደርስ ወርዳ የአራቱንም ጎማ ነፋስ ራሷ አስተነፈሰች፣ ተመልሳ ገባች። ግማሹን ሜዳ አጥርና ፋብሪካ በልቶታል፤ የቀረው ግን ያው ነው፣ ውሃው በሳሩ መሃል ያብረቀርቃል። መኪናዋ እየተወዛወዘች ላይ ላዩን አለፈች። መሃሉ ላይ ስንደርስ ሌንሳ ፍጥነቷን ሳትቀንስ «እዚህ ጋ ነው» አለች። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

ቶሎሳ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ተቀምጧል። ትከሻው ጠቧል፣ ምርኩዝ ይዟል። «አካም ጅርታ፣ ይልማ» አለኝ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። መቀመጥ አቃተኝ። «ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። «አንተ በሰው እምነት ነበር የምትበላው። ያን ቀን ብናገር ማን ጎማ ያስመርጥህ ነበር? ልጆችህ ገና ጨቅላ ነበሩ። ደግሞም መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ኦቦ ደቻሳ ዘንድ ውሰደኝ» አልኩት። «ተወው፣ አርጅተናል» አለ። «አልተውም!» ብዬ ጮህኩበት። እንደገና በእሱ ዝምታ ተሸፍኜ ወደ ቤቴ ልመለስ? ሁለቱን ቤቶች የሚለየው አንድ አጥር ነው። በሱ መሃል የነበረችው ማቋረጫ በር በእሾህ ተዘግታ ስለነበር በዋናው መንገድ ዞረን ሄድን።

ኦቦ ደቻሳ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ወንድማቸው ግቢያቸው ውስጥ ሲገባ ሲያዩ ተነስተው ሊገቡ ነበር፤ ፊታቸው ተንበረከክኩ። ከሳሩ ጀምሬ፣ አሮጌዎቹን ጎማዎች እስካስቀረሁበት፣ ድንኳኑ ውስጥ ኮፍያዬን እስካዞርኩበት ድረስ ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ።

«ሳሩን እይ ብሎህ ነበር?»

«ብሎኝ ነበር።»

«አንተ ነቀልከው።»

«ነቀልኩት፣ ኦቦ።»

ወደ ቶሎሳ ዞሩ። «አንተስ አፍ አልነበረህም?» አሉት። ቶሎሳ ምርኩዙን እያየ ቆመ። «ስንት ክረምት!» አሉ። «ስንት ክረምት ከአጥር ወዲያ ሳልህን እየሰማሁ ዝም ብዬ ተኛሁ!» ወንድማቸውን ግን አልነኩትም፣ እሱም አልቀረባቸውም። ከዚያ እኔን በብትራቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «እኔስ ሰማሁ። አስካለ ካቻምና ሳትሰማ ሄደች። አልጋ ላይ ሆና እንኳ ‘ቶሎሳ እንዳይገባብኝ’ ብላ ነው የሞተችው። ተነሳ፣ ለሷም ትነግራታለህ።»

በሌንሳ መኪና ሄድን፤ ኦቦ ደቻሳ ጋቢና፣ እኔና ቶሎሳ ከኋላ ወንበር። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሳሩ ረዝሞ የአስካለን መቃብር እስከ መስቀሉ ሸፍኖታል። ካፊያ ያካፋል። ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ። መሬትን ማናገር አልለመድኩም፤ አፈርኩ። «አስካለ፣ እኔ የሰበታው ይልማ ነኝ» ብዬ ጀመርኩና እንደምንም አንሾካሹኬ ጨረስኩ። ቶሎሳ ከኋላዬ ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል፤ ሌንሳ ክንዱን ይዛዋለች።

«ጨረስክ?» አሉኝ ኦቦ ደቻሳ።

«ጨረስኩ።»

«አልሰማችህም። አስካለ በመጨረሻው ጆሮዋ ደክሞ ነበር። ጮክ በል።»

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከስሜ ጀምሬ፣ ቅጥሩ ዳር ያሉ ሰዎች ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ እየጮህኩ እንደገና ነገርኳት።